ለሠፈር ኮረብታ የሚሆን ስኪ

የሚኒሶታ ኮረብታዎች አጭር ናቸው፤ በረዷቸው ጠንካራ፣ ፓርካቸውም በብረት የተሞላ ነው። የፓርክ ስኪ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንኑ ነው።

ጥር ወር ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ፣ ብሉሚንግተን በሚገኘው ሃይላንድ ሂልስ መብራቶቹ በሙሉ በርተዋል። ከጎኑ የቆመው የስኪ ዝላይ ማማ ከሩቅ ይታያል። ኮረብታው ራሱ ግን ከግርጌ እስከ አናት 50 ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ቬይል ከአናቱ እስከ ግርጌው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ ሚዛን ሃይላንድን ተራራ ብሎ የሚጠራው አይገኝም።

የሚበዛው ሰው ያለው ግን እዚህ ነው። በኮረብታው ጎን ወፍራም ገመድ ሳያቋርጥ ይዞራል። ልጆቹ በጓንታቸው ጨበጥ ሲያደርጉት ሽቅብ ይወስዳቸዋል። አናቱ ላይ ይለቁታል፤ ፊታቸውን አዙረው ወዲያው ቁልቁል ይጀምራሉ። በረዶው ላይ የተተከለ የብረት አግዳሚ ያገኛሉ፤ ሬይል ይሉታል። ዘለው ይወጡበትና ስኪያቸውን አግድም አድርገው ብረቱን በብረት እየፋቁ ይንሸራተታሉ። ከዚያ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከዚያ አንድ ሁለት መዝለያ ጉብታ ይከተላል። ፓርክ የሚባለው ይህ ነው። ግርጌ ሲደርሱ ገመዱ እዚያው ይጠብቃቸዋል። አንዱ ዙር ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከኮረብታው በታች፣ የመኪናውን ማሞቂያ ከፍቶ ልጁን የሚጠብቅ ወላጅ አይጠፋም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከልጆቻቸው መካከል ከትምህርት ቤት የስኪ ክበብ ጋር ወጥተው ጨዋታውን የለመዱ አሉ። በኪራይ ስኪ የጀመረ ልጅ አንድ ቀን «የራሴን እፈልጋለሁ» ማለቱ አይቀርም። የሚፈልገውም ማንኛውንም ስኪ አይደለም፤ የፓርክ ስኪ ነው። ወላጅ ሱቅ ሲገባ በግድግዳው ላይ በቀለም የደመቁ ረድፎች ያገኛል። ሁሉም ያምራሉ። ዋጋቸውም ከባድ ነው፤ አዲስ ጥንድ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 700 ዶላር ይሸጣል፤ የጫማ ማሰሪያው ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው።

ሁለት አፍንጫ ያለው ስኪ

የፓርክ ስኪ በመጀመሪያ የሚለየው በጅራቱ ነው። የቀድሞው ስኪ ፊቱ ወደ ላይ ታጥፎ ጅራቱ ጠፍጣፋ ነበር። ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ከኋላ መታጠፊያ አያስፈልገውምና ለዘመናት ብዙ ሰው ግድ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን በካናዳ አንድ የወጣቶች ቡድን ዞሮ ማረፍና ወደ ኋላ መንሸራተት ፈለገ። ማይክ ዳግላስ፣ ጄፒ ኦክሌር፣ ጄኤፍ ኩሶን፣ ቪንሰንት ዶርዮንና ሼን ሶክስ ነበሩ። በኋላ «ኒው ካናዲያን ኤር ፎርስ» ተብለው የታወቁት እነዚህ ናቸው። ጠፍጣፋ ጅራት ወደ ኋላ ሲኬድ በረዶው ውስጥ ይሰካል፤ ስለዚህ ሁለቱም ጫፉ የታጠፈ ስኪ እንዲሠራላቸው ለፋብሪካዎች ሐሳብ አቀረቡ። የተቀበላቸው ሳሎሞን ነው። ቴንኤይቲ የተባለው ስኪ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ስሙን ያገኘው በአየር ላይ ሦስት ሙሉ ዙር ከመዞር፣ ከ1,080 ዲግሪ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ራሱ ተለወጠ። ስሎፕስታይል የሚባለው፣ ሬይልንና መዝለያን በአንድ ቁልቁለት የሚያጣምረው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2014 በሶቺ የክረምት ኦሎምፒክ ገባ። በወንዶቹ ፍጻሜ ሦስቱንም ሜዳሊያ የወሰዱት አሜሪካውያን ነበሩ፤ ጆስ ክሪስተንሰን፣ ገስ ኬንዎርዚና ኒክ ጌፐር።

የሦስተኛው የኒክ ጌፐር ነገር ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅማል። ያደገው ኢንዲያና ውስጥ፣ ሎረንስበርግ በምትባል ከተማ ነው። ኢንዲያና ተራራ የላትም። የተማረበት ፐርፌክት ኖርዝ ስሎፕስ የ120 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ያለው፣ ከእርሻ ማሳዎች መካከል ብቅ ያለ ኮረብታ ነው። ከዚያ የወጣው ልጅ በ2014 ነሐስ፣ በ2018 ብር፣ በ2022 እንደገና ብር አጠለቀ። ሬይል ላይ በረጅሙ በመንሸራተት ስሙ የተነሣው ቶም ዎሊሽም የምሥራቅ አሜሪካ፣ የፒትስበርግ ልጅ ነው። በሚኒሶታም፣ በቡርንስቪል፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለችው በክ ሂል ከፍታዋ 100 ሜትር አይሞላም። ሊንዚ ቮን በውድድር ስኪ የሠለጠነችው በዚያች ኮረብታ፣ በአሠልጣኙ ኤሪክ ዛይለር ሥር ነው፤ ከ80 በላይ የዓለም ዋንጫ ውድድሮችን አሸንፋለች።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ድግግሞሽ ነው። በትልቅ ተራራ ላይ አንድ ልጅ ከአንድ ሬይል ወደዚያው ሬይል ለመመለስ በወንበር ሊፍት ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በገመድ ኮረብታ ግን ወድቆ ሳይረሳው እንደገና ይሞክረዋል። በአንድ ምሽት አንዱን ነገር ደጋግሞ የሚሠራ ልጅ እግሩ ይማራል።

«በገመድ ኮረብታ የወደቀ ልጅ አወዳደቁን ሳይረሳው እንደገና ይሞክራል።»

በረዶው ምን ዓይነት ነው?

ስኪ የሚመርጥ ሰው ከስኪው በፊት በረዶውን ይጠይቅ። በፊልም የሚታየው ጥልቅና ልስልስ በረዶ የምዕራቡ ተራሮች ነው። በሚኒሶታና በዊስኮንሲን ኮረብታዎች የሚበዛው በመድፍ መሰል ማሽን የሚረጭ ሰው ሠራሽ በረዶ ነው። ውሃው በግፊት ተበትኖ፣ ቅዝቃዜው ሲረዳ፣ መሬት ሳይደርስ ይረጋል። ከሰማይ እንደሚወርደው ቅርንጫፍ ያለው ቅንጣት የለውም፤ ጥቃቅንና ድቡልቡል ነው፤ ሲረገጥ ይታመቃል። ቀን ትንሽ ቀልጦ ሌሊት ሲረጋ ደግሞ ወደ ግግርነት ያደላል። እ.ኤ.አ. የ2023–24 የብርድ ወቅት በሚኒሶታ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀው ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት ኮረብታዎቹ ነጭ ሆነው የሚታዩት በማሽኑ ሥራ ነው፤ ዙሪያው ያለው ሣር ቡናማ ሆኖ ይከርማል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ቀላል ነው። ለጥልቅ በረዶ የተሠራ ሰፊ ስኪ እዚህ ሸክም ነው። የስኪ ስፋት የሚለካው በመካከሉ፣ ከጫማው ሥር ባለው ቦታ በሚሊሜትር ነው። ከ100 በላይ የሆነው በልስልስ በረዶ ላይ ለመንሳፈፍ ይጠቅማል። በጠንካራ በረዶ ላይ ግን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመዞር ይዘገያል፤ እግርንም ያደክማል። ለሠፈር ኮረብታ ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር ያለው ይበቃል። ልጁ አንድ ጊዜ ኮሎራዶ የመሄድ ሐሳብ ቢኖረው እንኳ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የማይስማማ ስኪ መግዛት አያስኬድም። እዚያ ሲደርሱ ሰፊ ስኪ በኪራይ ይገኛል።

ቅስቱ፣ ጥንካሬው፣ ርዝመቱ

ስኪን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጦ ከጎን ማየት ብዙ ነገር ይናገራል። አንዳንዱ መካከሉ ከወለሉ ብድግ ይላል፤ ጫፍና ጫፉ ብቻ ይነካል። ሰው ሲቆምበት ይጫናል፤ ሲለቀው ይመለሳል። ይህ ቅስት በጠንካራ በረዶ ላይ ጠርዙን በሙሉ ርዝመቱ ያስይዛል፤ ለመዝለል ሲገፉትም መልሶ ይገፋል። ሌላው ዓይነት ተቃራኒው ነው፤ መካከሉ ወለሉን ነክቶ ጫፎቹ ገና ከመታጠፊያው በፊት ወደ ላይ ይነሣሉ። ይህኛው በረዶ ላይ እንደልብ ይሽከረከራል፤ በጫፉ ቆሞ መዞር ለሚወድ ልጅ ደስ ይላል። ጠርዙ የሚይዘው ግን ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ከዝላይ በኋላ ግግር ላይ ሲያርፍ ከሥር ሊሸሽ ይችላል።

በዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። ቀናቸውን ሬይል ላይ የሚያሳልፉ ወጣቶች ለስላሳና ጫፉ የተነሣ ስኪ ይወዳሉ፤ ሲታጠፍ ማየቱ ራሱ የጨዋታው ውበት ነው ይላሉ። ልጆችን የሚያሠለጥኑ ሰዎች በበኩላቸው ለጀማሪ ከሥሩ ቅስት ያለውን ይመርጣሉ፤ ልጁ ከፓርኩ ውጭም መቆምና መታጠፍ መቻል አለበት ባዮች ናቸው። ለጠንካራ በረዶ ኮረብታ ሚዛኑ ወደ አሠልጣኞቹ ያጋድላል። ከጫማው ሥር ቅስት ኖሮት ጫፎቹ ጥቂት ብቻ የተነሡ ስኪ ሬይሉንም ጉብታውንም ሳያሳፍር ያስኬዳል። በክልሉ ካሉት ፓርኮች ታላቅ ስም ባለው፣ በዊስኮንሲን ድሬሰር በሚገኘው ትሮልሃውገን፣ ከፍታው 80 ሜትር ቢሆን ነው፤ እዚያም ሬይሉ ከሬይል ይቀጥላል፤ በመካከሉ ያለው በረዶ ጠንካራ ነው። ጠርዙ የማይዝ ስኪ ወደ ሁለተኛው ሬይል ቀጥ ብሎ ማድረስ ይቸግረዋል።

ጥንካሬው እንደዚሁ ነው። በሱቅ ውስጥ ሻጩ ስኪውን በአንድ እጁ ጫፉን፣ በሌላው መካከሉን ይዞ ሲያጎብጠው ይታያል። ለስላሳው በቀላሉ ይጎብጣል፤ በዝግታ ለሚሠሩ ነገሮች፣ ለሬይልና ለጫፍ ዙር ይመቻል። ጠንካራው ከትልቅ ዝላይ በኋላ አይንቀጠቀጥም። የሠፈር ኮረብታ ትልቅ ዝላይ የለውም፤ ቁልቁለቱ ለዚያ የሚሆን ፍጥነት አይሰጥም። ስለዚህ ወደ ለስላሳው ያደላ መካከለኛ ይበጃል። የሰውየው ክብደት ግን ሂሳቡን ይለውጣል። 45 ኪሎ ለሆነች ልጅ መካከለኛ የሆነው ስኪ ለ85 ኪሎ ጎልማሳ ጨርቅ ነው። ስለ አንድ ስኪ የጓደኛ ምስክርነት ሲሰማ መጀመሪያ የጓደኛውን ክብደት መጠየቅ ይገባል።

ርዝመት ላይ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ለልጁ በማሰብ ነው። ልጁ ያድጋል ተብሎ ከራሱ በላይ የሚወጣ ስኪ ይገዛለታል። ለትምህርት ቤት ካፖርት የሚሠራ ዘዴ ለስኪ አይሠራም። ረጅሙን ስኪ በአየር ላይ ማዞር ይከብዳል፤ ሬይል ላይ ሲወጣ ጫፉ ይቀድመዋል፤ ፈርቶ ይተወዋል። ለሬይል የሚያደላ ልጅ ከአገጩ እስከ አፍንጫው የሚደርስ፣ መዝለልም የሚወድ ከሆነ ግንባሩን የሚያክል ይበቃዋል። አንድ ማስታወሻ ግን አለ፤ ጅራቱም የታጠፈ ስለሆነ በረዶ የሚነካው ርዝመት ከተጻፈው ቁጥር ያንሳል። ስለዚህ እጅግ አጭር መግዛትም ሌላ ስሕተት ነው፤ ከዝላይ ሲያርፍ ከኋላው የሚደግፈው አያገኝም።

«ለትምህርት ቤት ካፖርት የሚሠራ ዘዴ ለስኪ አይሠራም።»

ብረት ከብረት ሲፋቅ

የስኪው ጠርዝ ቀጭን ብረት ነው። በተራራ ስኪ ላይ በረዶውን እንዲቆርጥ ይሳላል። በሬይል ላይ ግን የተሳለ ብረት ብረትን ይነክሳል፤ ልጁም ካሰበው ቦታ ሳይደርስ በግንባሩ ይወርዳል። የፓርክ ልጆች በዚህ ምክንያት ጠርዙን ያደነዝዙታል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሞረድ ያደነዝዙታል፤ ከዚያ ኮረብታው በግግር በተሸፈነ ምሽት መቆም ያቅታቸዋል።

በጥገና ክፍል የቆዩ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር የተለየ ነው። ሬይሉን የሚነካው ከጫማው ሥርና ከጎኑ ጥቂት ያለው ክፍል ነው፤ የሚደነዝዘው እሱ ብቻ ይሁን። ከፊትና ከኋላ ያለው ረጅሙ ጠርዝ በበረዶ ላይ ሥራ አለውና ይሳል። የታጠፉት ጫፎች ሲጀምሩ ያለውን ነጥብ ጥቂት ማለስለስ አይጎዳም። ከሬይል በኋላ ብረቱ ላይ የሚነሣው ሸካራ ፍንጣሪ በትንሽ ድንጋይ ወይም በላስቲክ መሰል መሣሪያ በየጊዜው ይወገዳል። አንድ ልጅ ይህን በአንድ ምሽት ሊማረው ይችላል። ሲማረውም ስኪውን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ፓርክ ስኪ ሲሠራ ፋብሪካዎች ይህን ያውቃሉ። ከሌላው ወፈር ያለ ጠርዝ ይሰጡታል፤ ከጫማው ሥር ማጠናከሪያ ይጨምሩበታል። ጎኑም ዋጋ አለው። አንዳንዱ ስኪ ከላይ ያለው ሽፋን ወደ ጎን ወርዶ ጠርዙን ይሸፍናል፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ሌላው ከእንጨቱ ልብ ጎን ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ግድግዳ አለው፤ ከብረት ጋር የሚጋጭ ስኪ ይህኛው ይሻለዋል። ግጭቱ ወደ እንጨቱ ሳይደርስ በግድግዳው ይመከታል። ቢቀደድም በሙጫና በመቆንጠጫ ይጠገናል። በገመድ ኮረብታ ላይ ድግግሞሹ ልጁን እንደሚያሠለጥን ሁሉ ስኪውንም ይደበድባል። ገዢ ስለ ቀለምና ስለ ታዋቂ ስም ከመጠየቁ በፊት ስለ ጠርዙ ውፍረትና ስለ ጎኑ አሠራር ቢጠይቅ ገንዘቡ ይድናል።

ጠርዙ መሰንጠቁ አይቀርም። የተሰነጠቀ ብረት በቦታው እስካለ ድረስ ስኪው ያገለግላል። ከቦታው ወጥቶ ሲንጠለጠል፣ ወይም ውሃ ወደ እንጨቱ ሲገባ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ፍጥነት የሚያጥርበት ኮረብታ

ስለ ትናንሽ ኮረብታዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ሰም ነው። በትልቅ ተራራ ላይ ከመዝለያው በፊት ረጅም መንደርደሪያ ስላለ ስኪው ቢዘገይም ይሞላል። በ50 ሜትር ኮረብታ ላይ መንደርደሪያው አጭር ነው። ሬይሎቹ ከላይ ተደርድረው መዝለያው ከታች ከሆነ ደግሞ በየሬይሉ ፍጥነት ይባክናል። መዝለያው መነሻና ወደ ታች ያዘነበለ ማረፊያ አለው፤ በመካከላቸው ጠፍጣፋ ቦታ ይገኛል። ያዘነበለው ማረፊያ የሰውነትን ክብደት በዝግታ ይቀበላል። ጠፍጣፋው ግን አይቀበልም፤ ጉልበትና ወገብ ይከፍላሉ። ፍጥነት ያነሰው ልጅ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ስኪው በረዶ የሚነካበት የታች ገጽ የተሠራው ከፕላስቲክ ነው፤ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ቀልጦ የተሳበ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሲቧጠጥ በቀላሉ ይደፈናል፤ ሰም ግን እምብዛም አይጠጣም። ሌላው ከፕላስቲክ ዱቄት በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ የሚወጣ ነው፤ ሰም ይጠጣል፤ ይፈጥናል፤ ካልተቀባ ግን ይደርቃል። ሰም ለማይቀባ ቤት ውዱን ገጽ መግዛት ትርፉ ትንሽ ነው። ሰም መቀባት ለለመደ ልጅ ግን ልዩነቱ በአጭሩ መንደርደሪያ ላይ ይሰማል። በሚኒሶታ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ ምሽት ብርቅ አይደለም። በዚያን ጊዜ በረዶው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ለቅዝቃዜ የተሠራ ጠንካራ ሰም ይፈልጋል። መጋቢት ላይ ደግሞ ቀልጦ ውሃ ያዘለው በረዶ ስኪውን ከሥር ይስበዋል፤ ለዚያ የሚሆነው ሌላ ሰም ነው።

ከገመዱ ጋር የሚመጣ ሌላ ወጪ አለ፤ ጓንት። እየዞረ ያለ ገመድ ደጋግሞ የሚጨብጥ እጅ ተራውን የጨርቅ ጓንት በቶሎ ይበላዋል። በእነዚህ ኮረብታዎች የሚታየው የቆዳ ጓንት፣ አንዳንዴም ከላዩ የሚጠለቅ መከላከያ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የገመድ መጎተቻ እ.ኤ.አ. በ1934 ቬርሞንት ውስጥ፣ ዉድስቶክ ላይ በፎርድ መኪና ሞተር ሲተከል የሚጨበጠው በእጅ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ማሰሪያው የት ይተከል?

ስኪ ብቻውን አይሄድም። ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያ በስኪው ላይ በብሎን ይተከላል። የሚተከልበት ቦታ የስኪውን ጠባይ ይለውጣል። በተራራ ስኪ ላይ ከመካከሉ ወደ ኋላ ብዙ ሳንቲሜትር ይሸሻል፤ ፊቱ ረጅም እንዲሆን ነው። በፓርክ ስኪ ላይ ወደ መካከሉ ይቀርባል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲሄዱ እኩል እንዲሰማ፣ በአየር ላይ ሲዞሩም ክብደቱ እንዲመጣጠን። ልክ በመካከሉ ያስተከሉ አሉ። ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ እየነዳ ለሚውል ወጣት ይስማማዋል። ለሌላው ግን ከመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ጠንካራ በረዶ ላይ ሲታጠፍ ከፊቱ የሚይዝ ጠርዝ ይኖረዋል። አንዴ የተበሳ ስኪ ተመልሶ አይደፈንም ማለት ባይሆንም ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ሲበዛ ይዳከማል። ስለዚህ ከመበሳቱ በፊት ልጁን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የት ነው የምትውለው? ምን ትወዳለህ?

ማሰሪያው አንድ ሌላ ትልቅ ኃላፊነት አለበት። ልጁ ሲወድቅ እግሩ ከመሰበሩ በፊት ጫማውን መልቀቅ አለበት። የሚለቅበት ኃይል ዲን በሚባል ቁጥር ይስተካከላል። ቁጥሩን የሚወስኑት ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው የታች ርዝመትና የችሎታ ደረጃ ናቸው። በፓርክ ልጆች ዘንድ ሬይል ላይ እንዳይለቅ ብሎ ቁጥሩን በራስ እጅ ከፍ የማድረግ ልማድ አለ። በስብራት የሚያልቅ ልማድ ነው። ማስተካከል የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የጫማው የታች ዓይነትም ከማሰሪያው ጋር መግጠም አለበት፤ ጠፍጣፋው የድሮ ዓይነትና ለእግር ጉዞ እንዲመች የጎበጠው አዲሱ ዓይነት በሁሉም ማሰሪያ አይገቡም።

ገንዘብ አንሶ አንዱን መምረጥ ካለበት ደግሞ ጫማው ይቅደም። በዚህ ላይ የሱቅ ሠራተኞችም፣ አሠልጣኞችም፣ ብዙ የወደቁ ወጣቶችም አይለያዩም። የማይያዝ ጫማ ውስጥ ያለ እግር ምርጡን ስኪ ማዘዝ አይችልም። ርካሽ ስኪ በልክ ከሆነ ጫማ ጋር የሠፈሩን ኮረብታ አሳምሮ ያስኬዳል።

የጥቅምት ገበያ

በረዶው ሳይወርድ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በየከተማው የአሮጌ ስኪ ገበያ ይዘረጋል። የስኪ ክበቦችና ትምህርት ቤቶች አዳራሽ ይከፍታሉ፤ ቤተሰቦች የጠበባቸውን ያመጣሉ፤ የጎደላቸውን ይወስዳሉ። ለፓርክ ስኪ ይህ ገበያ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ስኪው በመጀመሪያው ወር ይቧጠጣልና አዲስ መሆኑ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። አደጋም አለበት፤ አሮጌ የፓርክ ስኪ ሲደበደብ የቆየ ስኪ ነው።

የሚያውቅ ሰው ገበያ ውስጥ ሲገባ ተለጣፊ ሥዕሎቹን አያይም። ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ አጋጥሞ ከጎን ያያቸዋል፤ አንዱ ከሌላው የተለየ ጉብጠት ካለው መልሶ ያስቀምጣል። ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን በጥንቃቄ ይመረምራል፤ ከጫማው ሥር ስንጥቅ ሲያገኝ አይደነግጥም፤ የተነቀለ ሲያገኝ ግን ይተወዋል። ጫፉንና ጅራቱን በጣቱ ይጫናል፤ ንብርብሩ ተላቆ ከሆነ አፉን ይከፍታል። የታች ገጹ ላይ እንጨቱ የሚታይበት ጥልቅ ጉድጓድ መኖሩን ያያል። በመጨረሻ የብሎን ቀዳዳዎቹን ይቆጥራል፤ ስንት ጊዜ እንደተበሳ ይነግሩታል። ማሰሪያው በጣም ያረጀ ከሆነ የአምራቹ ድጋፍ የተቋረጠበት ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ያለውን ሱቆች አናስተካክልም ይላሉ። ስለዚህ ስኪው በርካሽ ተገዝቶ አዲስ ማሰሪያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሂሳቡ ከመከፈሉ በፊት ይታሰብ። የራስ ቁር ግን አሮጌ አይገዛም፤ ከውስጥ መሰንጠቁ ከላይ አይታይም።

ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች በዚህ ገበያ ውስጥ እንግዳነት ሊሰማቸው ይችላል። በልጅነታቸው በረዶ የሚያውቁት ጣሪያ የሚደበድበውን ነውና አይፈረድባቸውም። ቢሆንም ይህ ስፖርት ለኢትዮጵያዊ የተዘጋ በር አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ስኪን የተማረው በኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕላሲድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ አገሩን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው እሱ ሲሆን በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደገመው። የእሱ ውድድር በሜዳና በጫካ የሚኬደው የረጅም ርቀት ስኪ ነበር፤ ስኪውም ቀጭን፣ ጠርዝ የሌለው፣ ከፓርኩ ስኪ ፈጽሞ የተለየ ነው።

የፓርኩን የመረጠ ልጅ ያለው ቤት ደግሞ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል። ቁመቱንና ክብደቱን ይለካል፤ ጫማው ጣቱን አለመጫኑን ያያል፤ ስኪውን ይዞ ማሰሪያውን ወደሚያስተካክለው ባለሙያ ይሄዳል። ልጁ በበጋው አምስት ኪሎ ከጨመረ አምና የተሞላው ቁጥር ዘንድሮ አይሠራም። ጫማው ከተለወጠ ማሰሪያው እንደ አዲስ ይገፋል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ተነቅሎ እንደገና ይበሳል። ስኪው ለታናሽ ሲተላለፍም እንዲሁ ነው፤ ታናሽየዋ ሬይል ጠልታ ቁልቁለቱን በፍጥነት መውረድ የምትወድ ከሆነች የደነዘዘው ጠርዝ ተመልሶ ይሳላል፤ ማሰሪያውም ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳል።